የሰንበቴው አፍ ከፋች

ሐሙስ፣ ጥር ስምንት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ሐጂ ሙሄ አደም ከሚሴ ውስጥ በመኖሪያ ቤታቸው ሞቱ። በዚያው ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀበሩ። ልጃቸው ዘሀራ እንዳረጋገጠችልኝ፣ ሲቀበሩ በታችኛው መንጋጋቸው አጥንት ውስጥ ሁለት የቲታኒየም ብሎኖች ነበሩ። ጥርስ አንድም አልነበራቸውም።

በሬዲዮ ዘጋቢነት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መቅረጸ ድምፅ የዘረጋሁላቸውን ሰዎች አብዛኞቹን ረስቻለሁ፤ አብዛኞቹም መረሳት የሚገባቸው ነበሩ። ሐጂ ሙሄን ያልረሳሁት ስለወደድኋቸው አይደለም። ለመወደድ የሚመቹ ሰው አልነበሩም። ያልረሳኋቸው፣ ሳላጣራ ያረጋገጥሁትን አንድ ነገር ገበያ መሐል ቆሜ እንድመልሰው ያደረጉኝ ሰው ስለሆኑ ነው።

ሥራቸው የከብት ድለላ ነበር። ተወልደው ያደጉት ጨፋ ሮቢት ነው፤ ኋላ ከሚሴ ቤት ሠሩ፤ እንጀራቸው ግን ሰንበቴ ነበር። የሰንበቴ ገበያ እሑድ ይቆማል። ከቆላው አፋሮች ግመልና ፍየል ነድተው ይመጣሉ፤ ከደጋው በሬና በግ ይወርዳል፤ ከጨፋ የደለበ ኮርማ ይነዳል። ገዢና ሻጭ በከብቱ ዕድሜ ካልተስማሙ ሐጂ ሙሄ ይጠራሉ። በግራ እጃቸው የበሬውን አፍንጫ ይይዛሉ፤ የቀኝ አውራ ጣታቸውን በአፉ ጥግ፣ ጥርስ በሌለበት ክፍተት ያስገባሉ፤ ምላሱን ገፋ አድርገው አንዴ ያያሉ። ሁለተኛ አያዩም። «አራት ጥርስ»፣ ወይም «ስድስት ጥርስ»፣ ወይም «ይኼስ አልቆለታል» ይላሉ፤ አውራ ጣታቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ይሄዳሉ። ጭቅጭቁ እዚያ ላይ ያበቃል። አርባ ዓመት ያህል እንዲህ ኖረዋል። ገበያው «አፍ ከፋቹ» ይላቸው ነበር።

ዕድሜውን ሙሉ አፍ ሲከፍት የኖረ ሰው ከአፍ የሚወጣ ነገር ማመን ያቅተዋል። ሐጂ ሙሄ ማንንም አያምኑም ነበር፤ ንቀታቸውንም ለመደበቅ አይደክሙም። «በቀንዷ የዋሸች ላም በጥርሷ ታምናለች» ይሉ ነበር። ሰውን ሲሰሙ ዓይኑን አያዩትም፤ ከንፈሩን ነው የሚያዩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኛቸው ሰው ይደናገጣል።

አንድ እሑድ አንድ የዞን ሹም ለእንግዳ መቀበያ የሚታረድ በሬ ሊገዛ ሁለት ረዳቶቹን አስከትሎ መጣ። በሬው ትልቅ፣ ጸጉሩ የሚያብረቀርቅ ነበር። ረዳቶቹ ገና ሳያዩት «ወጣት ነው» ብለው ወስነዋል። ሹሙ ለወጉ ያህል ሐጂን አስጠራ። ሐጂ ከፈቱ፣ አንዴ አዩ፣ ዘጉ።

«ይኼ በሬ አንተ ሳትሾም ያረጀ ነው» አሉት። «ሥጋውን ከምታኝክ ቀበቶህን ፈትተህ ብታኝክ ይቀልሃል።»

ሹሙ ሳቀ። ረዳቶቹ የሹሙን መሳቅ አይተው ሳቁ። በሬውን ግን ገዙት። እኔ ያን ዕለት የገበያ ዋጋ ልዘግብ ሄጄ ስለነበር ቃላቸውን ቀርጬዋለሁ፤ አልተላለፈም። በሚቀጥለው ሳምንት ሐጂ አገኙኝ።

«ምነው የኔን ነገር አልሰማሁት?»

«ኤዲተሩ ቆረጠው፣ ሐጂ።»

«እናንተ ሬዲዮኖች» አሉ፣ «ታላምጣላችሁ እንጂ አትነክሱም።»

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ የራሳቸውን ላም የሸጡበት ቀን ነው። ገዢው የደጋ ሰው ነው፤ ላሟን ወዷታል፤ ዋጋውን ሊያጸና እጁን ዘርግቷል። ሐጂ እጁን ትተው ጮኹ፤ «ስማ! ይቺ ላም ስትታለብ ትራገጣለች። አንድ ጡቷም ደረቅ ነው።» ሰውዬው እጁን ሰበሰበ። ሳይጠየቁ ለምን እንደተናገሩ ጠየቅኋቸው። ጅል እንደሆንሁ አዩኝ። «ሻጭ ነኛ! ነውር የሚናገር ሻጭ ነው። ደብቆ መሸጥ ሐራም ነው። ገዢው ምን ይናገራል? ገዢ እጁን ይዘረጋል፣ በቃ።» ይህን ያኔ እንደ መልካም ምግባር ነው የመዘገብሁት። የተዛባ ነገር እንዳለበት አላየሁም።

ጥርሳቸው መርገፍ የጀመረው ከላይኛው የፊት ጥርስ ነው። ያኔ አልከፋቸውም። «በሬም የላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ማን ናቀው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የቀንድ ከብት ላይኛው ድዱ ፊት ለፊት ባዶ ነው። ከዚያ የታቹ ተከተለ። በአራት ዓመት ውስጥ አፋቸው ባዶ ቀረ። ዘሀራ ሥጋውን እየከተፈች ታቀርብላቸው ጀመር። ጫታቸውም፣ እንደ ሌሎቹ ጥርስ አልባ ሽማግሌዎች ሁሉ፣ በትንሽ ሙቀጫ እየተወቀጠ ይሰጣቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ቻሉት። ያልቻሉት ገበያውን ነው። ድምፃቸው ላላ፤ ቃላቸው እንደ ድሮው ከሩቅ አይሰማም። ከደላሎቹ መካከል ኢብሬ የሚባል ጎልማሳ ነበር፤ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ከእጁ የባሰ።

«ሐጂ፣ የበሬውን ዕድሜ በጥርሱ ነገሩን» አላቸው አንድ ቀን። «የእርስዎንስ በምን እንወቀው?»

«በቀብርህ ላይ ስቆም ታውቀዋለህ» አሉት።

ደሴ ሄደው ተነቃይ ጥርስ አሠሩ። የላዩ ያዘ፤ የታቹ አልያዘም። ጥርስ ከወጣ በኋላ አጥንቱም ከሥሩ ይሟሟል፤ የታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚቀመጥበት አጥቶ ነበር። አንድ እሑድ የአንድ ኮርማ አፍ ከፍተው «ስድስት» ሲሉ ያ የታችኛው ጥርስ ወጥቶ አቧራው ላይ ወደቀ። ኮርማው ደንብሮ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ሱብሃነላህ!» አለ ኢብሬ። «የሐጂን ጥርስ አይቶ ኮርማው ዋጋ ቀነሰ!»

ገበያው ሳቀ። በሚቀጥለው እሑድ በዕድሜ ጠብ ሲነሳ የተጠራው ኢብሬ ነበር። ከዚያም በኋላ ሲጠራ የኖረው ኢብሬ ነው። ሐጂ ሙሄ እንደ ወትሮው ወርደው፣ ከገበያው ግራር ሥር ተቀምጠው፣ የሚጠራቸው ጠፍቶ ይመለሱ ነበር። ጥርስ የፈለጉት ለሥጋ አልነበረም። እሑድ እሑድ ስማቸው እንዲጠራ ነው የፈለጉት።

ክሊኒኩ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ከትልቅ ከተማ የመጣ የግል የጥርስ ክሊኒክ ነበር። ከሚሴ አንድ አዳራሽ ተከራይቶ ባነር ሰቀለ። ባነሩ ላይ ነጭ ፂም ያለው ሽማግሌ በቆሎ ይግጣል፤ ጥርሱ ከፂሙ ይነጣል። ሽማግሌው የዚህ አገር ሰው አልነበረም፤ በቆሎውም የዚህ አገር በቆሎ አልነበረም። ከሥሩ «ጥርስ ለሌላቸው ሁሉ፣ ቋሚ ጥርስ በአንድ ቀን!» ይላል።

ስለ ሕክምናው ኋላ ያጣራሁትን እዚህ ላስቀምጥ። ጥርሱ ሁሉ ላለቀ ሰው በመንጋጋው አጥንት ውስጥ አራት ወይም ከዚያ የሚበልጡ የቲታኒየም ብሎኖች ይተከላሉ፤ በእነሱ ላይ አንድ ወጥ የጥርስ ድልድይ ይታሰራል። በአንድ ቀን የሚታሰረው ጊዜያዊው ነው። አጥንቱ አድጎ ብሎኑን እስኪይዘው ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ የሚበላው ለስላሳ ምግብ ነው። ከሁሉ በፊት የቀረው አጥንት በራጅ ይታያል፤ ስኳር በሽታ ያለበት ሰውም ስኳሩ መስተካከሉ ይረጋገጣል፤ አለዚያ ቁስሉ አይድንም፣ ብሎኑም አይያዝም። ሥራው እውነተኛ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው አኝኮ በልቶበታል። ባነሩ ላይ ያልተጻፈው «ወራት» የሚለው ቃል ነው።

በመክፈቻው ቀን ይህን አላውቅም ነበር፤ አልጠየቅሁምም። የዞኑ ሹም ሪባን ቆረጠ፣ ስለ ሪባኑም ንግግር አደረገ። የእኔ ዜና ሁለት ደቂቃ ነበር። «ዘመናዊ» የሚለው ቃል አምስት ጊዜ ገብቶበታል። ቀሪው የክሊኒኩ መግለጫ ነው፤ ከእኔ የተጨመረው «ተገልጿል» የሚለው ብቻ ነው።

ዜናው በተላለፈ ማግስት ሐጂ ሙሄ ወደ አዳራሹ መጡ። እኔም የታካሚ አስተያየት ልቀርጽ እዚያው ነበርሁ። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ነጭ ጋዋኑ ገና እጥፋቱ አልጠፋም።

«አካም፣ ነጋ?» አሉት ሐጂ። ዶክተሩ ኦሮምኛ አይሰማም፤ ፈገግ አለ።

«ጥርሱን የምትተክለው አንተ ነህ?»

«አዎ አባቴ።»

«ዋሱ ማነው?»

«ምን አሉኝ?»

በሰንበቴ የማያውቁትን ሰው ከብት ያለ ዋስ የሚገዛ የለም። ዋስ የታወቀ ሰው ነው። «ሻጩን አውቀዋለሁ፤ ከብቱ የራሱ ነው፤ ነውር የለበትም፤ ቢገኝበት እኔን ጥሩኝ» ይላል። ነውር ከተገኘ ዋሱ ይጠራል፤ እሑድ ገበያ መሐል ቆሞ «የዋስሁበት ነገር ነውር አለው» ብሎ በራሱ ላይ ይመሰክራል። ከዚያ ወዲያ ለዶሮም ዋስ የሚያደርገው የለም።

ዶክተሩ ነገሩ ሲገባው ከመሳቢያው አንድ ካርድ አወጣ። «ይኸው አባቴ፣ የዋስትና ካርድ አለን።»

«ወረቀት ገበያ መሐል ይቆማል?» ካርዱን በሁለት ጣት ይዘው መለሱለት። «አፍህን ክፈት።»

«እ?»

«አፍህን!»

ዶክተሩ እየሳቀ ከፈተ። ሐጂ አገጩን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩት፣ አንዴ አዩ፣ ለቀቁት።

«ሠላሳ አልሞላህም። በግራህ ብቻ ነው የምታኝከው። በቀኝ በኩል የምታምህ አለች፤ ደብቀሃታል።»

ነርሷ ከት ብላ ሳቀች። ዶክተሩ አልሳቀም፤ እጁ ሳያዘው ወደ ቀኝ ጉንጩ ሄደ።

«የራሱን ነውር ከሚደብቅ ሰው ያለ ዋስ አልገዛም» አሉና ዘወር ብለው እኔን አዩኝ። ከንፈሬን። «እሱ ይሁን። ሬዲዮ ላይ የተናገረው እሱ ነው። ትዋሳለህ?»

አዳራሹ ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ትላንት በዞኑ ሁሉ ፊት ያልሁትን ዛሬ በስምንት ሰው ፊት አላልሁም ማለት አልቻልሁም። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

በዚያው ሳምንት አራት ብሎኖች በታችኛው መንጋጋቸው ተተከሉ፤ ጊዜያዊው ድልድይ ታሰረባቸው። ለላይኛው ተነቃዩ በቂ ነው ተባለ። ለስላሳ ብቻ እንዲበሉ ተነገራቸው። ክሊኒኩ «ለሁለተኛው ዙር እንመለሳለን» ብሎ ወደሚቀጥለው ከተማ ሄደ፤ ባነሩንም ጠቅልሎ ይዞት ሄደ።

በሦስተኛው እሑድ ሐጂ ሙሄ ሰንበቴ ወረዱ። በመጀመሪያ ያደረጉት ጥንቅሽ መግዛት ነው። ጥንቅሽ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ የማሽላ አገዳ ነው፤ ልጣጩም በጥርስ ነው የሚገፈፈው። ኢብሬ ፊት ሄደው ቆሙና ከጫፍ እስከ ጫፍ ላጡት። ልጣጩን እግሩ ሥር ተፉለት።

«ሐጂ፣ ለስላሳ ብቻ ብሉ አልተባሉም እንዴ?» አልኋቸው።

«ውስጡ ለስላሳ ነው» አሉኝ።

ያን ዕለት ሦስት ጊዜ ተጠሩ። «አራት ጥርስ!» ሲሉ ከፍየል ተራ ይሰማል። ኢብሬ እጁን ኪሱ ከትቶ ዋለ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ዋስ በመሆኔ ያን ቀን ትንሽ ኮርቻለሁ። ኩራቱ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ።

በስድስተኛው ሳምንት አገጫቸው አበጠ። መግል መጣ። ለክሊኒኩ ደወልሁ፤ አንዲት ሴት አነሳች።

«ለሁለተኛው ዙር ስንመጣ ይታያል» አለች።

«መግሉ እስከዚያ ይጠብቃል?»

«ካርዱን እንዳይጥሉት ይንገሩልን።»

ከዘሀራ ጋር ሆነን ደሴ ወሰድናቸው። ያየቻቸው የጥርስ ሐኪም የረጋች ሴት ነበረች። አፋቸውን ከማየቷ በፊት ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ስኳር አለብዎት?»

ሐጂ ሙሄ ጣሪያውን አዩ። ዘሀራ የአባቷን ኮት ኪስ ዳብሳ ባዶ የኪኒን ማሸጊያ አወጣች። «ስምንት ዓመት ሆናቸው» አለች። «ይኼም ካለቀ ወር አለፈው። ጥርስ ተክዬ ኪኒን ምን ያደርግልኛል ይላሉ።»

«ብሎኑን ለተከለው ዶክተር ነግረውታል?»

«ለምን እነግረዋለሁ?»

«እንዴት ለምን?»

«ሻጩ እሱ ነው!» ተቆጡ። «እኔ ከብት ስሸጥ ነውሩን ደብቄ አላውቅም፤ ወላሂ። ይኼ ልጅ ምስክሬ ነው። ገዢ ነውሩን የሚናገርበት ገበያ ግን የት አለ?»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች፤ የሚያስረዳት ፈልጋ ነው። እኔ የላሟን ቀን እያስታወስሁ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ከብቱ መሐል ቆመው ገዢና ሻጭ ሲያስማሙ የኖሩ ሰው ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ሲገቡም ከሁለቱ አንዱን መሆናቸውን አውቀዋል፤ ሻጭ አልነበሩም፤ ስለዚህ ገዢ ናቸው። ሦስተኛ ቦታ መኖሩ አልታያቸውም። እንዲህ ዓይነት ስህተት ከሚሴ ውስጥ ሌላ ሰው አይሳሳትም። እንዲህ ለመሳሳት የአርባ ዓመት ልምድ ያስፈልጋል።

ሐኪሟ ድልድዩን ስታነሳው ሁለቱ ብሎኖች አብረውት ወጡ፤ አልጎተተቻቸውም። የቀሩትን ሁለቱን አጥንቱ ይዟቸው ነበርና ተወቻቸው። «ሥራው ሐሰት አይደለም» አለችኝ እጇን እየታጠበች። «እኔም እሠራዋለሁ። ሐሰቱ ችኮላው ነው።»

ከዚያ በኋላ የታካሚውን ቅጽ እንዲያሳዩኝ ክሊኒኩን ወተወትሁ፤ በመጨረሻ በስልክ ፎቶውን ላኩልኝ። ሃያ አንድ ጥያቄ አለው። ሰባተኛው ስለ ስኳር ነው። ከሃያ አንዱም ፊት «የለም» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አለ፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ ከላይ እስከ ታች፣ እጅ ሳይነሳ የተሰመረ ነው የሚመስለው። አንዱ ጥያቄ «ያጡት ጥርስ አለ?» ይላል። እሱም «የለም» ነው።

ኤዲተሬ ዘንድ ገባሁ። ማረሚያ እናስተላልፍ አልሁት።

«ምኑን ነው የምናርመው? ተገልጿል ነው ያልነው። አልተገለጸም?»

«ተገልጿል።»

«አየህ! ደግሞስ ሬዲዮ ማስተባበል ከጀመረ የቱ ሰዓት ይበቃዋል?»

በዚያ ሳምንት ሐጂ ሙሄ በዘሀራ በኩል ላኩብኝ። መልእክቱ ሦስት ቃል ነበር፤ «እሑድ ዋሱ ይቁም።» ካሣ አልጠየቁም። አስታራቂም አልላኩም።

እሑድ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሰንበቴ ደረስሁ። ሐጂ ግራሩ ሥር ነበሩ። ደላሎቹ ከበቡን፤ ከግመል ተራም ሰው መጣ። ስሜንና ሥራዬን ተናገርሁ። ከዚያ እንዲህ አልሁ፤ «ከሚሴ ለመጣው የጥርስ ክሊኒክ ዋስ ሆኜ ነበር። ሳላጣራ ነው የዋስሁት። የዋስሁበት ነገር ነውር አለው።»

«ማል ጄዳ?» አለ አንድ ጆሮው የደከመ ሽማግሌ፤ ምን ይላል ማለቱ ነው። አጠገቡ የቆመው በኦሮምኛ ጮኾ ነገረው። ሽማግሌው እንደገና በአማርኛ አረጋገጠ።

«ሬዲዮው ነው ተሳስቻለሁ ያለው?»

«አዎ፣ ራሱ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ይኼን ሳልሰማ አልሞትሁም!»

ሳቁ ሲያባራ ኢብሬ ወደ ፊት መጣ። እጁ ኪሱ ውስጥ አልነበረም።

«ሐጂ፣ ዋሱ ቆሟል። እኔ ደግሞ አንድ ልጠይቅ። ስኳርዎን ነግረዋቸው ነበር?»

ከሚሴ ምሥጢር የሚያድርባት ከተማ አይደለችም። ሐጂ አልካዱም።

«እኔ ገዢ ነበርሁ» አሉ። ያለ ጥርስ ቃሉ ለብቻው ተንሸራቶ ወጣ።

«ብረቱ የት ነው የተተከለው? ዶክተሩ መንጋጋ ላይ ነው?»

ኢብሬ አንድ እርምጃ ተጠጋ።

«እዚያ ድረስ የተነዳው ማነው? አፉን የተከፈተው ማነው? ወላሂ ሐጂ፣ የዚያን ቀን ከብቱ እርስዎ ነበሩ እኮ!»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ሐጂ ሙሄ አልሳቁም፤ አልተሳደቡም። የገዛ አገጫቸውን፣ ልክ በሬ እንደሚይዙት፣ ያዙ። «ዋሱን ለቅቄአለሁ» አሉና ሽርጣቸውን አጥብቀው ወደ መኪና መንገዱ ወጡ። ከዚያ በኋላ ሰንበቴ አልወረዱም። ግራሩ ሥር ያለውን ቦታ አንድ የፍየል ነጋዴ ያዘው።

ክሊኒኩ እንዳለው በአምስተኛው ወር ተመለሰ፤ በዚያው አዳራሽ። ይህን ጊዜ ለመዘገብ አልተላክሁም፤ በራሴ ፈቃድ ላየው ሄድሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ሐጂ ሙሄ በራፉ ላይ በርጩማ ይዘው ተቀምጠዋል። ማንም እንዲቀመጡ አላዘዛቸውም፤ ሊያነሳቸው የደፈረም የለም። ሊታከም የመጣ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይቆማል።

«ኮቱ፣ ና» ይሉታል። አገጩን ይዘው ወደ ፀሐይ ያዞሩታል፣ አንዴ ያያሉ። «ስኳር አለብህ?»

«የለብኝም፣ ሐጂ።»

«ሌሊት ሽንት ስንት ጊዜ ያስነሳሃል?»

«አራትም አምስትም ጊዜ።»

«አለብህ። እዚያ ጋ ቁም።»

አንዲት ከጨፋ የመጡ ባልቴት አገጫቸውን አላስይዝ አሉ። «እርስዎ ሐኪም ነዎት እንዴ?»

«አይደለሁም፣ እቴ። በዚህ በር ገብቼ የወጣሁ ከብት ነኝ።»

ባልቴቷ አፋቸውን ከፈቱ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ አራት ሰዓት ሆነ። ወደ ውስጥ የገባ ሰው የለም። ውጭ የቆመው ሰልፍ ግን አጥሩን ዞሯል። ዶክተሩ ምን እንደተፈጠረ ሊያይ ጓንቱን እንዳጠለቀ ብቅ አለ። ሐጂን አወቃቸው። ጎንበስ አለ።

«ሐጂ! ድልድዩስ? ጥርስዎ የት ሄደ?»

ሐጂ ሙሄ በርጩማቸውን ወደ እሱ አዞሩ። ይህን ጊዜ ያዩት ከንፈሩን አይደለም፤ ዓይኑን ነው።

«ስኳር አለብኝ» አሉ፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። «ስምንት ዓመቴ ነው። ያኔ አልነገርሁህም። ገዢ የሆንሁ መስሎኝ ነው።»

ዶክተሩ ቀና ብሎ ሰልፉን አየ። ነርሷን ጠርቶ በምዝገባው የተሞሉትን ቅጾች አስመጣ፤ አገላበጣቸው፤ ሁሉም ከላይ እስከ ታች «የለም» ነው። ከዚያ ጓንቱን አወለቀ።

ለዚያ ዕለት አሥራ ዘጠኝ ሰው አስቀድሞ ተመዝግቦ ነበር። ዶክተሩ በአንዳቸውም ላይ መሰርሰሪያ አላነሳም። የደም ስኳር ምርመራና የመንጋጋ ራጅ ማዘዣ እየጻፈ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉንም ሸኛቸው። የጻፋቸው ማዘዣዎች ሃያ ነበሩ። ሃያኛው የሐጂ ሙሄ ነው።